ዳታቤዙ ውቅያኖስ ማዶ ሲቀር፦ ፒኤችፒሊስትን ከሩቅ ሰርቨር ጋር ማገናኘት

ጥያቄ፦ «የማኅበራችንን ዜና ለአባላት የምንልከው በፒኤችፒሊስት ነው። ሶፍትዌሩን በቅርቡ ጀርመን፣ ፍራንክፈርት ያለ ቪፒኤስ (የተከራየሁት ቨርቹዋል ሰርቨር) ላይ ጫንኩት። ዳታቤዙ ግን አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ባለው የድሮ ሆስቲንጋችን ላይ ቀርቷል፤ ድረ ገጻችንም እዚያው ነው። ኮንፊግ ፋይሉ ላይ የዳታቤዙን ስም፣ ተጠቃሚውንና የይለፍ ቃሉን አስገብቻለሁ። መጀመሪያ ገጹ ብዙ ዞሮ ዞሮ ይቆም ነበር። የሆስቲንጉ ድጋፍ ሰጪዎች ‹ከፍተንልዎታል› ካሉኝ ወዲህ ደግሞ ወዲያው ‹መግባት ተከልክሏል› ይላል። በሲፓነል (የሆስቲንጉ መቆጣጠሪያ ገጽ) በኩል በፒኤችፒማይአድሚን (ዳታቤዝ በብሮውዘር ማስተዳደሪያ) ስገባ ግን ያው የይለፍ ቃል ይሠራል። 6,000 ገደማ ተመዝጋቢዎች አሉን። ምን ልቀይር?»

መልስ፦

ስህተቱ መለወጡ ጥሩ ምልክት ነው። ገጹ እየዞረ ይቆም የነበረው ጥሪዎ ዳታቤዙ ጋ ስላልደረሰ ነው። መሀል ላይ ያለ ፋየርዎል ጥሪውን ዝም ብሎ ይጥለዋል፤ ፒኤችፒ (ፒኤችፒሊስት የተጻፈበት ቋንቋ) ደግሞ መልስ እስኪመጣ ይጠብቃል። አሁን «ተከልክሏል» የሚል መልስ ከመጣ ሰርቨሩ ሰምቶዎታል ማለት ነው። አይቶዎት ነው እንቢ ያለው። ስለዚህ ድጋፍ ሰጪዎቹ እውነታቸውን ነው፤ የከፈቱት ነገር አለ። የቀረው ግን እነሱ የነኩት ነገር አይደለም።

ፒኤችፒማይአድሚን መሥራቱ ብዙ ሰው ያሳስታል። «ያው ተጠቃሚ፣ ያው የይለፍ ቃል፤ ታዲያ ምን ጎደለው?» ያሰኛል። ፒኤችፒማይአድሚን የሚሠራው ግን እዚያው አሜሪካ ያለው ሰርቨር ላይ ነው። እርስዎ በብሮውዘርዎ ከየትም ሆነው ይክፈቱት፣ ዳታቤዙን የሚያናግረው ከውስጥ ሆኖ ነው። ማይኤስኪውኤል (ዳታቤዙን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም) ደግሞ ተጠቃሚን በስም ብቻ አያውቅም። ስምና የመጣበት አድራሻ ተጣምረው ነው አንድ ተጠቃሚ የሚሆኑት። እንደ ግቢ ዘበኛ ነው፤ ስምዎን ብቻ ሳይሆን ከየት እንደመጡም ይጠይቃል፣ ከሁለቱ አንዱ ከመዝገቡ ጋር ካልገጠመ አያስገባም። የተጠቃሚው ስም «ዜና» ቢሆን፣ «ዜና ከሎካልሆስት» (ማለትም ከዚያው ማሽን) እና «ዜና ከፍራንክፈርት» ለማይኤስኪውኤል ሁለት የተለያዩ ተጠቃሚዎች ናቸው። የይለፍ ቃላቸው እንኳ ሊለያይ ይችላል።

ሲፓነል ውስጥ ይህን የሚሞሉበት ገጽ አለ። ድሮ «ሪሞት ማይኤስኪውኤል» ይባል ነበር፤ በአዳዲሶቹ ስሪቶች «ሪሞት ዳታቤዝ አክሰስ» ይላል። የቪፒኤስዎን አይፒ አድራሻ እዚያ ያስገቡ። ድጋፍ ሰጪዎቹ የከፈቱት ፋየርዎሉን ሊሆን ይችላል፤ ይሄኛውን ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ራሱ ነው የሚሞላው። «ከፍተናል» እና «ፈቅደናል» አንድ አይደሉም።

ግን አድራሻውን ከመሙላትዎ በፊት ሰርቨሩ እርስዎን በየትኛው አድራሻ እንደሚያይዎት ይወቁ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚለፋው። ፒኤችፒሊስት የማይኤስኪውኤልን ሙሉ መልእክት አያሳይም፤ በራሱ አጭር ዓረፍተ ነገር ይተካዋል። ስለዚህ በኤስኤስኤች (ሩቅ ሰርቨር ላይ በተመሰጠረ መስመር ገብቶ ትእዛዝ መስጫ) ቪፒኤሱ ላይ ይግቡና በማይኤስኪውኤል የትእዛዝ መስመር ፕሮግራም የአሜሪካውን ሰርቨር በቀጥታ ይጥሩት። መልሱ ከቁጥር 1045 ጋር ይመጣል። «አክሰስ ዲናይድ ፎር ዩዘር» ይልና የተጠቃሚውን ስም ይጽፋል። ቀጥሎ የ@ ምልክት፣ ከዚያ አንድ አድራሻ አለ። መጨረሻ ላይ «ዩዚንግ ፓስወርድ» ብሎ «የስ» ወይም «ኖ» ይላል።

ያ ከ@ በኋላ ያለው አድራሻ ወርቅ ነው። ሰርቨሩ ያየው እሱን ነው፤ መዝገቡ ላይ መኖር ያለበትም እሱ ራሱ ነው። አንዳንዴ የጠበቁት ባለ አራት ክፍል ቁጥር ይሆናል። አንዳንዴ ግን በሁለት ነጥብ የተከፋፈለ ረጅም ነገር ያያሉ። እሱ አይፒቪ6 ነው፤ ባለ አራት ክፍሉ አይፒቪ4 ይባላል። አብዛኞቹ ቪፒኤሶች ሁለቱም አድራሻ አላቸው፤ የሆስቲንጉ ስም ለሁለቱም መልስ የሚሰጥ ከሆነ ሲስተሙ አይፒቪ6ን አስቀድሞ ሊመርጥ ይችላል። እርስዎ አይፒቪ4ን አስመዝግበው ጥሪው በሌላኛው ይወጣል። ሁለቱንም አድራሻ ማስመዝገብ ወይም ኮንፊግ ፋይሉ ላይ በስሙ ፈንታ የዳታቤዝ ሰርቨሩን አይፒቪ4 ቁጥር መጻፍ ይፈታዋል። ከቁጥር ይልቅ ስም ካዩ ደግሞ ሰርቨሩ አይፒዎን ወደ ስም ቀይሮታል ማለት ነው፤ ያኔ ስሙንም ቁጥሩንም ያስመዝግቡ።

«ዩዚንግ ፓስወርድ» «ኖ» ካለ የይለፍ ቃሉ ጭራሽ አልተላከም። በትእዛዝ መስመር ከሆነ የ«ፒ» ምርጫውን ረስተውታል። በሰርቨሩ የስህተት መዝገብ ላይ ከፒኤችፒሊስት የመጣ ሆኖ ካዩት ደግሞ ኮንፊግ ፋይሉ ላይ «ዳታቤዝ ፓስወርድ» የሚለው መስመር ተበላሽቷል ወይም ሌላ ፋይል ነው እያረሙ ያሉት። ሁለተኛው ከሚያስቡት በላይ ያጋጥማል።

አንድ የሚያደናግር ነገር ልጨምር። በደንቡ አድራሻዎ ካልተፈቀደ ቁጥር 1130 ነው መምጣት ያለበት፦ «ይህ ሆስት እንዲገናኝ አልተፈቀደም» የሚለው። እርስዎ ግን 1045 ነው የሚያዩት፤ የይለፍ ቃል የተሳሳተ ይመስላል። ይህ የሚሆነው ብዙ ደንበኞች አንድ ሰርቨር ስለሚጋሩ ነው። 1130 የሚመጣው ከእርስዎ አድራሻ መግባት የሚችል አንድም ተጠቃሚ ሰርቨሩ ላይ ከሌለ ብቻ ነው። ከጎረቤት ደንበኞች አንዱ «ከየትም ይምጣ» የሚል ተጠቃሚ ከፈጠረ፣ ሰርቨሩ በአድራሻዎ አይመልስዎትም፤ በስምዎ ነው የሚመልስዎት። የይለፍ ቃሉን አሥር ጊዜ መቀየር ምንም የማይረዳውም ለዚህ ነው።

«ከየትም ይምጣ» ስል የ% ምልክቱን ማለቴ ነው። ብዙ መመሪያዎች «% አስገባና ገላገልከው» ይላሉ። በእርግጥ ይሠራል። እኔ ግን አልመክርም። የኢንተርኔት ደኅንነት ድርጅቱ ሻዶውሰርቨር ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2022 ኢንተርኔትን አስሶ ከ3.6 ሚሊዮን በላይ የማይኤስኪውኤል ሰርቨሮች ለማንም መልስ ሲሰጡ አግኝቷል። እሱ ለበጎ ነው የሚያስሰው፤ በዚያው መንገድ ለክፉ የሚያስሱም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 የካቲት ወር ላይ እንዲህ የተከፈቱ ዳታቤዞችን እየሰረዙ 0.2 ቢትኮይን የሚጠይቁ አጥቂዎች ነበሩ። የእርስዎ ቪፒኤስ ቋሚ አድራሻ አለው። ቋሚ አድራሻ ያለው ሰው % ምን ያደርግለታል? ከቤት ኢንተርኔት፣ አድራሻው በየጊዜው ከሚቀያየር መስመር የሚገናኝ ሰው ቢሆን ችግሩ ይገባኛል፤ ለእሱም ቢሆን ከታች የምነግርዎ ዋሻ ይሻላል።

አሁን ወደ ኮንፊግ ፋይሉ። «ዳታቤዝ ሆስት» የሚለው መስመር ላይ የአሜሪካው ሰርቨር ስም ወይም ቁጥር መግባት አለበት፤ «ሎካልሆስት» ብሎ የሚመጣውን ሳይቀይሩ የሚተዉ አሉ። የዳታቤዙና የተጠቃሚው ስም ሲፓነል ላይ ሙሉ ሆኖ እንደሚታየው ይሁን፤ ሲፓነል ከሁለቱም ፊት የአካውንቱን ስምና የታች ሰረዝ ይጨምራል። ተጠቃሚውን ፈጥረው ከዳታቤዙ ጋር ካላያያዙት ደግሞ መልሱ 1044 ይሆናል።

የይለፍ ቃሉ ውስጥ የዶላር ምልክት ካለ በነጠላ ጥቅስ ይክበቡት። በድርብ ጥቅስ ከሆነ ፒኤችፒ ከዶላሩ ቀጥሎ ያለውን የተለዋዋጭ ስም ነው ብሎ ይበላዋል፣ የሚላከውም የተቆረጠ የይለፍ ቃል ይሆናል። የማኅበሩ ሰዎች በቴሌግራም ተቀባብላችሁት ከሆነ መጨረሻው ላይ ባዶ ቦታ አለመከተሉን ይዩ። የውቅር መስመሩን ራሱን ከቴሌግራም ወይም ከወርድ ኮፒ ካደረጉት ደግሞ ቀጥ ያሉት ጥቅሶች ወደ ጠምዛዛ ተቀይረው ሊሆን ይችላል። ፒኤችፒ ጠምዛዛ ጥቅስ አያውቅም።

ፖርቱ (ሰርቨሩ ጥሪ የሚቀበልበት የበር ቁጥር) የተለመደው 3306 ካልሆነ «ዳታቤዝ ፖርት» የሚለውን መስመር ይጨምሩ። ክላውድ ላይ ከሚከራዩ ዳታቤዞች 3306ን የማይጠቀሙ አሉ፤ ዲጂታልኦሽን ለምሳሌ 25060 ነው።

ይህን ጽሑፍ ሌሎችም ስለሚያነቡት የቀሩትን ቁጥሮች ባጭሩ ልጥቀስ። በትእዛዝ መስመር 2003 ሆኖ የሚመጣው ስህተት በፒኤችፒ በኩል 2002 ሆኖ ነው የሚታየው፤ ችግሩ አንድ ነው፣ ሰው ግን ሁለት እየመሰለው ይደናገራል። ከጎኑ በቅንፍ 110 ካለ ጥሪው መንገድ ላይ ጠፍቷል፤ ፋየርዎል ነው። 111 ካለ ማሽኑ ተገኝቷል፣ በዚያ ፖርት ላይ ግን የሚሰማ የለም። የራሱ ሰርቨር ያለው ሰው ያኔ «ባይንድ አድሬስ» የሚለውን መስመር ይይ፤ ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ 127.0.0.1 ተብሎ ስለሚመጣ ማይኤስኪውኤል የውጭ ጥሪ አይሰማም። 2002 ሆኖ «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» ካለ ደግሞ ሆስቱ አሁንም «ሎካልሆስት» ነው። 2054 ከመጣ ፒኤችፒዎ አርጅቷል፦ ማይኤስኪውኤል 8 የይለፍ ቃል የሚያጣራበትን መንገድ ለውጧል፣ ከ7.4 በፊት ያሉ የፒኤችፒ ስሪቶች ላይ ችግር ይፈጥራል። 1129 ማለት ብዙ ጊዜ ያልተሳካ ጥሪ ስላደረጉ ሰርቨሩ አድራሻዎን ዘግቶታል፤ የተጋራ ሆስቲንግ ላይ ይህን የሚያነሱልዎት እነሱ ብቻ ናቸው። 1226 ወይም 1203 ከሆነ የተፈቀደልዎትን የኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሚላክ ጥያቄ) ወይም የግንኙነት ብዛት ጨርሰዋል።

ብሮውዘር ላይ ሠርቶ በክሮን (ሰርቨሩ ላይ ሥራን በተወሰነ ሰዓት በራሱ የሚያስነሳው) ካልሠራ አሁን ያወራነው ሁሉ አይመለከትዎትም። ክሮን የሚጠራው ፒኤችፒ ሌላ ስሪት ይሆናል፣ ወይም ማይኤስኪውኤልአይ የሚባለው ተጨማሪ ክፍል አልተጫነለትም።

እስካሁን ያልኩት ለጠየቁት መልስ ነው። አድራሻውን ያስመዝግቡ፣ ይገናኛል። ያልጠየቁኝ ነገር ግን አለ፤ እሱ ነው የሚያሳስበኝ። ይህ አሠራር ቢገናኝም አይመችዎትም።

ሒሳቡን እንየው። ከፍራንክፈርት እስከ ቨርጂኒያ 6,500 ኪሎሜትር ገደማ ነው። ብርሃን በፋይበር ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎሜትር ገደማ ይጓዛል። ደርሶ መልሱ ገመዱ ቀጥ ያለ ቢሆን እንኳ 65 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ገመዱ ቀጥ ያለ ስላልሆነና መሀል ላይ ራውተሮች ስላሉ በተግባር 90 ሚሊሰከንድ አካባቢ ነው። ይህን ምንም ውድ ፓኬጅ ቢገዙ አያሳጥሩትም። 90 ሚሊሰከንድ ለአንድ ጥሪ ምንም አይደለም። ፒኤችፒሊስት ግን አንድ ጥሪ አይደለም የሚያደርገው። ለእያንዳንዱ ተቀባይ የሰውየውን መረጃ ያነባል፣ ቀድሞ ተልኮለት እንደሆነ ያያል፣ ይመዘግባል፣ ከላከ በኋላ ምልክቱን ይቀይራል። አንዱ ሳያልቅ ሌላው አይጀመርም። በዝቅተኛው ለአንድ ሰው 10 ኩዌሪ ብቻ ብንል፣ 6,000 ሰው ማለት 60,000 ደርሶ መልስ ነው። በ90 ሚሊሰከንድ ሲባዛ 5,400 ሰከንድ፣ ማለትም አንድ ሰዓት ተኩል። ይህ ኢሜይሉን ለመላክ የሚወስደው ጊዜ አይደለም፤ ዳታቤዝ መጠበቅ ብቻ ነው። ዳታቤዙ እዚያው ፍራንክፈርት ቪፒኤሱ አጠገብ ሆኖ ደርሶ መልሱ ግማሽ ሚሊሰከንድ ቢሆን፣ ያው ሥራ 30 ሰከንድ ነው።

የአስተዳደር ገጾቹም እንዲሁ ናቸው። አንድ ገጽ ለመክፈት 60 ኩዌሪ ቢያስፈልግ ከ5 ሰከንድ በላይ ባዶ ገጽ እያዩ ይቀመጣሉ። በሶፍትዌሩ አልፈርድም። ፒኤችፒሊስት እ.ኤ.አ. በ2000 ለንደን ውስጥ ለናሽናል ቲያትር ተብሎ የተጀመረ ነው። ያኔ ዳታቤዝ እዚያው ሰርቨሩ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ትንንሽ ኩዌሪ ደጋግሞ መላክ ማንንም አያስጨንቅም ነበር።

ሰው የሚረሳው ደግሞ ከተላከ በኋላ ያለውን ነው። ጠቅታ የሚቆጥሩ ከሆነ፣ ኢሜይሉ ውስጥ ያለው ሊንክ በቀጥታ ወደ ድረ ገጽዎ አይሄድም። መጀመሪያ ወደ ፒኤችፒሊስት ይመጣል፣ ዳታቤዙ ላይ ይመዘገባል፣ ከዚያ ነው ወደ ገጹ የሚያሳልፈው። አዲስ አበባ በሞባይል ዳታ የሚያነብ አባል ጠቅ ሲያደርግ ጥሪው ፍራንክፈርት ይደርሳል። ከዚያ ውቅያኖሱን ደጋግሞ ይመላለሳል። ሰውየው ነጭ ገጽ እያየ ነው፤ ትቶት ይወጣል። ስምን ከዝርዝሩ ማስወጫ ሊንኩም በዚያው መንገድ ነው የሚያልፈው። ስሙን ለማስወጣት ሞክሮ የዘገየበት ሰው «ስፓም» የሚለውን ይጫናል። ጂሜይልና ያሁ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ የስፓም አቤቱታ ከ0.3 በመቶ እንዳያልፍ ይጠይቃሉ። ከ6,000 ሰው 0.3 በመቶ 18 ሰው ነው። ሩቅ አይደለም።

እየላከ መሀል ላይ ግንኙነቱ ቢበጠስስ? በርቀት መስመር ላይ ይህ ብርቅ አይደለም። 2006 ወይም 2013 የሚል ቁጥር ያያሉ። ኢሜይሉ ወጥቶ «ተልኳል» የሚለው ምልክት ሳይጻፍ ከተቆረጠ፣ ያ ሰው ደረሰው አልደረሰው መዝገቡ አያውቅም።

ስለዚህ የእኔ ምክር ግልጽ ነው፦ ዳታቤዙን ወደ ፍራንክፈርት ያምጡት። 6,000 ተመዝጋቢ ለማይኤስኪውኤል ወይም ለመንትያው ለማሪያዲቢ ኢምንት ነው፤ ያው ቪፒኤስ ላይ ይጫኑት። ሩቅ መሆን የሚችለው ኢሜይል የሚያወጣው ሰርቨር ነው፤ እሱ አንዴ ተቀብሎ በራሱ ጊዜ ይልካል። ዳታቤዝ ግን ከሶፍትዌሩ አጠገብ ይሁን።

«ግን የአባላት ዝርዝር ያለው ድረ ገጹ ላይ ነው» ይሉኝ ይሆናል። ብዙ ሰው ዳታቤዙን ሩቅ የሚተወው በዚህ ምክንያት ነው። ግን የሚያስፈልግዎት አዲስ አባላት ወደ ፒኤችፒሊስት መግባታቸው ነው። ለዚያ ሁለቱ አንድ ዳታቤዝ መጋራት የለባቸውም። በየሳምንቱ ከድረ ገጹ ሲኤስቪ ፋይል አውጥቶ ፒኤችፒሊስት ላይ ማስገባት ለአንድ ማኅበር ይበቃል። ቀድሞ ያለ ኢሜይል ሁለቴ አይመዘገብም።

ማምጣቱ ከባድ አይደለም፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይጠንቀቁ። ኮፒ ከማውጣትዎ በፊት ክሮኑን ያቁሙ፤ የሚላክ ነገር መሀል ላይ እንዳይሆን። ፒኤችፒሊስት ማን የትኛው መልእክት እንደደረሰው የሚጽፈው «ዩዘርሜሴጅ» በሚባል ሰንጠረዥ ላይ ነው። እየላከ እያለ ኮፒ ካወጡ፣ አዲሱ ቤት የሚደርሰው ግማሹን የማያውቅ ሰንጠረዥ ነው። አዲሱ ቤት ላይ ሲያስነሱት ለነዚያ ሰዎች በድጋሚ ይልካል። ከዚህ የባሰው ግን በመሀል ስሙን ያስወጣ ሰው ነው፤ አሮጌው ላይ ወጥቶ አዲሱ ላይ አሁንም አባል ነው። ስለዚህ ኮፒው ወጥቶ አዲሱ እስኪከፈት ድረስ የምዝገባና የማስወጫ ገጾቹን ይዝጉ። ከዚያ በማይኤስኪውኤልደምፕ ትእዛዝ ኮፒ ማውጣት፣ ከዚያ ማስገባት፣ ከዚያ «ዳታቤዝ ሆስት» የሚለውን መስመር መቀየር። በቃ።

ስለ ፊደሉም እንነጋገር፤ የአማርኛ ዝርዝር ላይ ይሄ የማይቀር ነው። አሮጌ ሰርቨሮች ፊደል የሚያስቀምጡበት ነባሪ ስልት «ላቲን1» ነበር፤ ይህ የተቀየረው ከማይኤስኪውኤል 8 ጀምሮ ነው። ኮፒውን ሲያወጡም ሲያስገቡም ስልቱ «ዩቲኤፍ8ኤምቢ4» መሆኑን በትእዛዙ ላይ ይጻፉ። እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ8 ሦስት ባይት ነው የሚይዘው። ስለዚህ ማይኤስኪውኤል ድሮ «ዩቲኤፍ8» ሲል ያስቀመጠው ባለ ሦስት ባይቱም ለፊደላችን ይበቃል፤ የማይበቃው ባለ አራት ባይት ለሆነው ኢሞጂ ነው። ርዕሱ ላይ ኢሞጂ ማድረግ የሚወድ የማኅበር ጸሐፊ ካለ ልብ ይበሉ።

ካስገቡ በኋላ ለመፈተን፣ አንድ ቦታ ላይ «ሰላም» የሚል ቃል ፈልገው «ሌንግዝ» እና «ቻር ሌንግዝ» በሚሉት ሁለት ተግባሮች ይለኩት። የመጀመሪያው ባይት ይቆጥራል፣ ሁለተኛው ፊደል። 9 እና 3 ካለዎት ጤነኛ ነው። «ቻር ሌንግዝ» 9 ካለ ፊደሉ ሁለቴ ተጠቅልሏል፤ ስክሪኑ ላይ የተዘበራረቀ የላቲን ምልክት ሆኖ ያዩታል። አስቀያሚ ነው፣ ግን ምንም አልጠፋም፣ ይመለሳል። ሁለቱም 3 ከሆኑና የሚያዩት ሦስት የጥያቄ ምልክት ከሆነ ግን ፊደሉ የለም። ከአሮጌው ሰርቨር እንደገና ማውጣት ነው። ለዚህም ሲባል አሮጌውን ቶሎ አይሰርዙት።

የማኅበሩ ቦርድ «ዳታቤዙ ከአሜሪካ አይወጣም» ካለስ? እንዲህ ያለ ነገር ይኖራል። ያኔ 3306ን ለኢንተርኔት ከመክፈት ይልቅ የኤስኤስኤች ዋሻ ይጠቀሙ። ፒኤችፒ ካልነገሩት በስተቀር ማይኤስኪውኤልን ሲያናግር ምስጠራ አይጠቀምም። የይለፍ ቃሉ እንኳ ተሸፍኖ ነው የሚሄደው፤ የአባላቱ ስምና ኢሜይል ግን ማንም በሚያነበው መልክ ውቅያኖሱን ያቋርጣል። ዋሻው ይህን ይሸፍናል። ሆስቲንጉ ኤስኤስኤች የሚሰጥና ፖርት ማስተላለፍን የሚፈቅድ መሆኑን አስቀድመው ይጠይቁ። ከፈቀደ፣ ቪፒኤሱ ላይ ኤስኤስኤችን በትልቁ «ኤል» ምርጫ 3307:127.0.0.1:3306 ብለው ያስነሱት። ትርጉሙ፣ እዚህ 3307 ላይ የሚመጣውን ሁሉ እዚያ ማዶ 3306 ላይ አድርስ ነው። ማይኤስኪውኤል ጥሪውን ከራሱ ማሽን እንደመጣ ስለሚያየው፣ የሩቅ አድራሻ ማስመዝገብም % መጻፍም የለም። ዋሻው ሲበጠስ በራሱ እንዲነሳ በሲስተምዲ ወይም በኦቶኤስኤስኤች ያስጠብቁት።

ዋሻ ሲጠቀሙ ሆስቱ ላይ 127.0.0.1 ብለው በቁጥር ይጻፉ፣ ፖርቱን 3307። «ሎካልሆስት» እንዳይጽፉ። ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፣ ለማይኤስኪውኤል ግን አይደሉም። ሊነክስ ላይ «ሎካልሆስት» ሲባል ፒኤችፒ ፖርቱን ችላ ብሎ እዚያው ማሽን ላይ ያለውን የሶኬት ፋይል ይፈልጋል። ዋሻው ክፍት ሆኖ ማንም አያልፍበትም። ቪፒኤሱ ላይ ሌላ ማይኤስኪውኤል ካለ ደግሞ የባሰ ነው፦ ከእሱ ጋር ይገናኝና ባዶ ዳታቤዝ ያሳይዎታል። ተመዝጋቢዎቼ ጠፉ ብለው ይደነግጣሉ።

ኤስኤስኤች ከሌለ ኮንፊግ ፋይሉ ላይ «ዳታቤዝ ኮኔክሽን ኤስኤስኤል» የሚለውን ያብሩ። በእርግጥ መሥራቱን «ኤስኤስኤል ሳይፈር» የሚባለውን የግንኙነት ሁኔታ ጠይቀው ያረጋግጡ፤ ባዶ ከመለሰ ምስጠራው አልበራም። አንዳንድ ክላውድ ዳታቤዞች ያለ ኤስኤስኤል አያስገቡም፣ ቁጥር 3159 ይመልሳሉ።

በርቀት ከቀጠሉ የጠቅታ ቆጠራውን ያጥፉት። ክሮኑም አንዱ ዙር ሳያልቅ ሌላውን እንዳይጀምር ጊዜውን ያራርቁት።

አሁንም ካልገባልዎት፣ ከትእዛዝ መስመሩ የወጣውን መልእክት ከነቁጥሩና ከ@ በኋላ ካለው አድራሻ ጋር፣ እንዲሁም የኮንፊግ ፋይሉን የዳታቤዝ መስመሮች ይላኩልኝ። የይለፍ ቃሉን ግን ሸፍኑት። የአድራሻውን የመጨረሻ ክፍልም መሸፈን ይችላሉ፤ አይፒቪ4 ይሁን አይፒቪ6 ብቻ እንዲታየኝ ይተዉልኝ።